ስምን ከነጓዙ ያዢ

ልጄ፣ እንግሊዝኛን ከሥሩ ልያዝ ብለሽ መነሳትሽ ደስ ብሎኛል። ግን ደብተርሽን ሳገላብጥ ያየሁት ነገር አለ። «ናውን» ብለሽ ርእስ ሰጥተሽ፣ «የሰው፣ የቦታና የነገር መጠሪያ» ብለሽ ጽፈሽ፣ ከሥሩ ሁለቴ አስምረሽ ወደ «ቴንስ» አልፈሻል። ስም አንድ መስመር በቃው። ተማሪ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ግሱን ይፈራል፣ ስሙን ይንቃል። እኔ ዕድሜዬን የተማሪ ጽሑፍ ሳርም ነው የኖርኩት፤ ቀይ እስክሪብቶዬን የጨረሰው ግን ግስ ሳይሆን ስም ነው። ኤስ የጎደለው፣ ኤስ የተረፈው፣ «ዘ» ያለቦታው የገባበት፣ «ኤ» ቀርቶበት ባዶውን የቆመው። እንግዲህ ወደኋላ ተመለሺና የምልሽን ረጋ ብለሽ አንብቢ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

1. ስምን ከነጓዙ ያዢ። ገጹን ለሁለት ከፍለሽ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ደርድረሻል። «አድቫይስ፦ ምክር»። አለቀ። አማርኛው የቃሉን ፍቺ ይነግርሻል እንጂ ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር አይነግርሽም። ይቆጠራል ወይ? ሲበዛ ምን ይሆናል? ከፊቱ «ኤ» ይቀበላል? የሚከተለው ግስ «ኢዝ» ነው ወይስ «አር»? ጓዙ ማለት ይኼ ነው። አዲስ ስም በያዝሽ ቁጥር አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ጨምሪበት። «ኒውስ» ብለሽ አትተዪው፤ «ዘ ኒውስ ኢዝ ጉድ» ብለሽ ጻፊው። ያቺ «ኢዝ» ከብዙ ስሕተት ታድንሻለች፤ «ኒውስ» በኤስ ቢያልቅም ነጠላ ነውና። «ማቲማቲክስ»፣ «ፊዚክስ»ና «ኢኮኖሚክስ»ም መልካቸው የብዙ፣ ጠባያቸው የነጠላ ነው።

2. ከስም ሁሉ አስቀድመሽ የራስሽን አስተካክዪ። የተጸውዖ ስም በትልቁ ፊደል ይጀምራል፤ ይህን ታውቂዋለሽ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ግን እጃችን ቶሎ ይረሳል። ሰውና አገር ላይ አትስቺም፤ የምትስቺው ቀን፣ ወርና ቋንቋ ላይ ነው። «መንዴይ»፣ «ጁን»፣ «ኢንግሊሽ»፣ «አምሃሪክ» ሁሉም በትልቁ ናቸው። «ሰመር»ና «ዊንተር» በትንሹ ናቸው፤ ለምን ብትዪኝ ልማድ ነው ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎችም ቢሆኑ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈውን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ዋና ቅጂ ብታዪ የወል ስሙም ጭምር አብዛኛው በትልቅ ፊደል ነው። ጀርመኖች እስከ ዛሬ አልተዉትም።

ወደ ራስሽ ስም ልመለስ። ስምሽን በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደምትጽፊ ዛሬ ወስኚና ከዚያ በኋላ አትለዋውጪው። ጸሐይ የምትባል ልጅ ስሟን አንዴ በቲ-ኤስ፣ አንዴ በኤስ ብቻ ትጀምራለች፤ መጨረሻውን አንዴ በዋይ፣ አንዴ በአይ ትዘጋለች። ሁሉም ይነበባል። ነገር ግን ትራንስክሪፕቷ ላይ ያለው ከፓስፖርቷ ጋር አልገጥም ሲል ስንት ቢሮ እንደሚያመላልሳት እሷን ጠይቂ። «ላስት ኔም» የሚለው ቦታ ላይ የአባትሽን ነው ወይስ የአያትሽን የምትሞዪው? እሱንም አንዴ ወስኚ። አሜሪካ የገቡ ዘመዶቻችን በአያታቸው ስም ሲጠሩ፣ አያቴ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ ብለው ዞር ያላሉ ጥቂቶች ናቸው።

3. የሚቆጠረውን ከማይቆጠረው ለዪ። ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና እዚህ ትንሽ እንቆይ። እንግሊዝኛ አንድ፣ ሁለት እየተባለ የሚቆጠር ስም አለው፤ የማይቆጠርም አለው። ሐሳቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ገበያ ወጥተሽ «ሦስት ጤፍ ስፈሪልኝ» አትዪም፤ ቁናውን ወይም ኪሎውን ትጠሪያለሽ። ሽንኩርቱን በራስ፣ ቡናውን በስኒ እንላለን። ችግሩ ድንበሩ የተሰመረበት ቦታ ላይ ነው። እኛ ምክሮች፣ መረጃዎች፣ ዜናዎች፣ ማስረጃዎች፣ የቤት ሥራዎች፣ የቤት ዕቃዎች እንላለን። እንግሊዝኛው ውስጥ «አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ኒውስ»፣ «ኤቪደንስ»፣ «ሆምወርክ»፣ «ፈርኒቸር» ለብዛት ተብሎ ኤስ አይጨመርባቸውም፤ ከፊታቸውም «ኤ» ወይም «አን» አይቆምም። «ኢኩፕመንት»፣ «ላጌጅ»፣ «ኖውሌጅ»፣ «ፕሮግረስ»፣ «ትራፊክ» ከዚሁ ወገን ናቸው።

«ኢኩፕመንትስ» የሚል የሱቅ ሰሌዳ፣ «ፈርኒቸርስ» የሚል የጨረታ ማስታወቂያ በየመንገዱ ታያለሽ። ዲግሪ የደራረቡ ሰዎችም «ሪሰርችስ» ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ። በብዛት ስላየሽው ትክክል አይምሰልሽ። ለስኮላርሺፕ የምትጽፊው ደብዳቤ «አይ ኒድ ሳም ኢንፎርሜሽንስ» ብሎ ከጀመረ አንባቢው ገና በመጀመሪያው መስመር ፊቱን ያጠቁራል።

አንድ ብቻ ለማለት ስትፈልጊ መስፈሪያ ስጪው፦ «ኤ ፒስ ኦቭ አድቫይስ»፣ «ኤ ሎፍ ኦቭ ብሬድ»፣ «ኤ ባር ኦቭ ሶፕ»። ሲበዛም የሚበዛው መስፈሪያው ነው፤ «ቱ ፒሲዝ ኦቭ አድቫይስ» ትያለሽ፣ ምክሩን አትነኪውም። ስንት ብለሽ ስትጠይቂ ለሚቆጠረው «ሃው ሜኒ»፣ ለማይቆጠረው «ሃው ማች» ነው። ከተጠራጠርሽ «ኤ ሎት ኦቭ» በዪ፤ ከሁለቱም ጋር ይስማማል።

ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ሳቅ የሚያስነሳው «መኒ» ነው። «ገንዘብ ካልተቆጠረ ምን ሊቆጠር ነው?» ይሉኛል። የሚቆጠረው ብሩ ነው፣ ዶላሩ ነው፤ «መኒ» የሚለው ስም አይቆጠርም። ከሁለቱም ወገን የሆኑም አሉ። «ፔፐር» ወረቀት ሲሆን አይቆጠርም፤ ጋዜጣ ወይም የፈተና ወረቀት ሲሆን ይቆጠራል። «ግላስ» መስታወት ሲሆን አይቆጠርም፤ ብርጭቆ ሲሆን ይቆጠራል። «ኮፊ»ም በደንቡ አይቆጠርም፤ ካፌ ገብተሽ «ቱ ኮፊስ» ብትዪ ግን ሁለት ስኒ ይመጣልሻል እንጂ ማንም አያርምሽም።

4. መዝገበ ቃላትን ለፍቺ ብቻ አትክፈቺ። ለቋንቋው ተማሪዎች የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ከስሙ አጠገብ «ሲ» ወይም «ዩ» የምትባል ፊደል ያስቀምጣል። «ሲ» ይቆጠራል ማለት ነው፤ «ዩ» አይቆጠርም። ስንቱ ተማሪ ያቺን ፊደል ዓይኑ ሳያርፍባት ወደ ፍቺው ይዘልላል! ዛሬ የኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ የሚባለውን መዝገበ ቃላት የጀመረው አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ነው። የጃፓን ቋንቋ ነጠላና ብዙን ለመለየት አያስገድድም፤ እንደ «ኤ»ና «ዘ» ያለ ነገርም የለውም። የእነዚያ ልጆች ችግር ያንቺም ችግር ነውና በእነሱ ድካም ተጠቀሚ።

5. ቁጥር ከጠራሽ ኤስን አትርሺ። እኛ «ሦስት ልጅ አላት» ብንል ያምራል፤ ሦስት መባሉ በቅቷልና «ልጆች» ማለት ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛ ግን አይምርም፤ «ትሪ ቡክስ»፣ «ፋይቭ ደይስ» ማለት አለብሽ። ይህን ከያዝሽ በኋላ ደግሞ የሚያስትሽ ሌላ ይመጣል፦ ቁጥሩና ስሙ ተጣብቀው ለሌላ ስም ቅጽል ሲሆኑ ኤሱ ይወድቃል። ልጅቷ «ፋይቭ ይርስ ኦልድ» ናት፤ ከስም በፊት ሲመጣ ግን «ኤ ፋይቭ-ይር-ኦልድ ገርል» ነው። ፈተናውም «ኤ ቱ-አወር ኤግዛም» ነው። «ሃንድረድ»ና «ታውዘንድ»ም ቁጥር ከቀደማቸው ኤስ አይወስዱም፤ «ቱ ሃንድረድ ስቱደንትስ» ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ለማለት ሲሆን «ሃንድረድስ ኦቭ ስቱደንትስ» ይሆናል።

6. ኤስን በእጅሽም በአፍሽም አውጪው። ስታነቢ እሰማሻለሁ፤ መጨረሻዋን ትውጫለሽ። ጆሮ ያልሰማውን እጅ አይጽፈውም። ድምጿ ሦስት ዓይነት ነው፦ «ቡክስ» ላይ ስ፣ «ዶግዝ» ላይ ዝ፣ «በሲዝ» ላይ ኢዝ። አጻጻፉን በአጭሩ ልንገርሽ። በኤስ፣ በኤስ-ኤች፣ በሲ-ኤች ወይም በኤክስ ያለቀ ስም አብዛኛውን ጊዜ ኢ-ኤስ ይጨምራል። በዋይ ያለቀው ከዋይ በፊት ተነባቢ ካለ ዋዩ አይ ሆኖ ኢ-ኤስ ይከተለዋል፤ «ሲቲ»ን አስቢ። አናባቢ ካለ እንደ «ቦይ» ኤስ ብቻ ይበቃዋል። «ናይፍ»፣ «ዋይፍ»፣ «ሊፍ» ኤፋቸውን በቪ ይለውጣሉ፤ «ሩፍ»ና «ቺፍ» አይለውጡም። «ፖቴቶ»፣ «ቶሜቶ»ና «ሂሮ» ኢ-ኤስ ይፈልጋሉ፤ «ፎቶ»፣ «ፒያኖ»ና «ሬዲዮ» ኤስ ብቻ። ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት አትሸምድጂ። እየጻፍሽ ይገባሻል።

7. ከደንብ የወጡትን አክብሪያቸው። «ማን» «ሜን» ይሆናል፤ «ቱዝ» «ቲዝ»፣ «ፉት» «ፊት»፣ «ማውስ» «ማይስ» ይሆናሉ። «ውመን» ላይ በጽሑፍ የሚለወጠው አንድ ፊደል መጨረሻ አካባቢ ነው፤ በንግግር ግን የመጀመሪያው ክፍል ጭምር ተለውጦ «ዊሚን» ይባላል። በግ አንድም ሆነ መቶ ያው «ሺፕ» ነው። ተማሪ በእነዚህ ይማረራል፤ እኔ ግን የአማርኛ ተናጋሪ ሲማረር ይገርመኛል። መጽሐፍ መጻሕፍት፣ መልአክ መላእክት እያልን ያደግን ሰዎች አይደለንም? ከግእዝ የወረስነው እንዲህ ያለ ብዙ ቁጥር ከውስጥ ነው የሚለወጠው፤ የእነሱም እነዚህ ቃላት ከጥንት ቋንቋቸው የተረፉ ናቸው። ስሕተቱም አንድ ነው። «መጻሕፍቶች» የሚል ሰው «ችልድረንስ» ቢል አልፈርድበትም፤ የበዛውን ደግሞ እያበዛ ነው። የሚያስቀው ግን «ችልድረን» ራሱ በዚሁ መንገድ የመጣ መሆኑ ነው። ድሮ «ቺልደር» ብቻውን ልጆች ማለት ነበር፤ ኋላ «ኦክስ»ን «ኦክስን» የሚያደርገው የድሮ ማብዣ ተደረበበት። የእነሱ ስሕተት ዘመን አልፎበት ደንብ ሆነ። ያንቺ ገና ነውና ተጠንቀቂ።

8. የሚቆጠርን ነጠላ ስም ባዶውን አታቁሚው። «አይ ሃቭ ቡክ» አይባልም። «አይ አም ቲቸር»ም አይባልም። አማርኛው «መጽሐፍ አለኝ»፣ «መምህር ነኝ» ስለሚል ነው አፍሽ የሚስተው። የሚቆጠር ነጠላ ስም ከሆነ ከፊቱ አንድ ነገር ይኑር፦ «ኤ» ወይም «ዘ»፣ ካልሆነም «ማይ»፣ «ዚስ»፣ «ኤቭሪ»። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ይህን ያዢ፤ ከስሕተትሽ ግማሹ እዚህ ነው ያለው።

«ዘ» መቼ ነው ካልሽኝ፣ የራስሽ ቋንቋ ይረዳሻል። አማርኛው «መጽሐፉ»፣ «ልጅቷ» ብሎ መጨረሻው ላይ ምልክት ካደረገ፣ አንቺም ሰሚሽም የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው በብዛት «ዘ» ይሆናል። «አንዲት ልጅ መጣች፤ ልጅቷ ታለቅሳለች» ስትዪ መጀመሪያ «ኤ»፣ ቀጥሎ «ዘ»። ይህ መለኪያ የሚሰበርበት ቦታ ግን አለ። «ፀሐይ ወጣች» ስንል ምንም ምልክት የለም፤ እንግሊዝኛው «ዘ ሰን» ነው። «ውሻ ታማኝ ነው» ብለሽ ስለ ውሻ ሁሉ ስትናገሪ የሚቀልለው ማብዛት ነው፤ «ዶግስ አር ሎያል» ትያለሽ። «ሕይወት ከባድ ነው» ሲሆን «ላይፍ ኢዝ ሃርድ» ነው፤ ብዙ ሰው ያለምክንያት «ዘ ላይፍ» ይላል። የቦታ ስምም የራሱ ልማድ አለው። ወንዝ «ዘ» ይወስዳል፤ «ዘ ናይል»፣ «ዘ አዋሽ»። ሐይቅ አይወስድም፤ «ሌክ ጣና»። ተራራ ለብቻው ሲሆን አይወስድም፤ ራስ ዳሸን ራስ ዳሸን ነው። ሰንሰለቱ ግን «ዘ ሲሜን ማውንቴንስ» ይሆናል።

«ኤ» ወይስ «አን» በሚለው ጉዳይ ደግሞ አንቺ ከእንግሊዙ ልጅ ትሻያለሽ፤ ፊደል አለሽና። «ከአናባቢ በፊት አን» ብለው ሲያስተምሩሽ በእንግሊዝኛ ፊደሉ እንዳይመስልሽ፤ በድምፁ ነው። ቃሉን እንደሰማሽው በአማርኛ ፊደል ጻፊው። በአ ቤት ከጀመረ፣ ማለት በአ፣ በኡ፣ በኢ፣ በኤ፣ በእ ወይም በኦ ከሆነ «አን» ነው፤ በሌላ በማንኛውም ፊደል ከሆነ «ኤ» ነው። «ዩኒቨርሲቲ» በእንግሊዝኛ በአናባቢ ይጀምራል፤ በእኛ ፊደል ስትጽፊው ግን ዩ ላይ ትጀምሪያለሽ፤ እንግዲህ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»። «አወር» በኤች ይጻፋል፤ አይሰማም፤ እንግዲህ «አን አወር»። «ኤ ሆስፒታል»፣ «አን አምብሬላ»፣ «ኤ ዩሮፒያን ካንትሪ»። በአጭር የሚጻፈውም እንዲሁ ነው፤ «ኤም ፒ» በኤ ስለሚጀምር «አን ኤም ፒ» ይባላል።

9. «ዋን ኦቭ» ካልሽ በኋላ የሚመጣው ስም ይብዛ። «ዋን ኦቭ ማይ ፍሬንድ» የሚለውን ከልጅም ከአዋቂም እሰማለሁ። ከብዙ ጓደኞችሽ አንዷን ነው የምታወጪው፤ ስለዚህ «ዋን ኦቭ ማይ ፍሬንድስ»። ግሱ ግን ለአንዷ ነው፤ «ኢዝ» ይሆናል። «ኤቭሪ» ደግሞ በተቃራኒው ነጠላ ስም ይፈልጋል።

10. ግሱን ከስሙ መልክ ጋር ሳይሆን ከጠባዩ ጋር አስማሚ። «ፒፕል» ኤስ የለውም፤ ግን ብዙ ነው፤ «ፒፕል አር» ነው። «ዘ ፖሊስ»ም «አር» ይላል። ሱሪና መነጽር ለእኛ አንድ ነው፤ ለእነሱ ግን ሁለት እግር፣ ሁለት መስታወት ስላለው «ትራውዘርስ»ና «ግላሲዝ» ብዙ ናቸው። መነጽሬ የት አለ ለማለት «ዌር አር ማይ ግላሲዝ» ነው የምንለው፤ እኔ በቀን ስንቴ እንደምለው አትጠይቂኝ። የራስ ጠጉር ግን፣ እልፍ ቢሆንም፣ «ማይ ሄር ኢዝ» ነው። «ቲም»፣ «ፋሚሊ»፣ «ገቨርመንት» የመሳሰሉት የጥቅል ስሞች እንግሊዝ አገር «ኢዝ»ም «አር»ም ይቀበላሉ፤ አሜሪካኖቹ «ኢዝ»ን ይመርጣሉ። አንዱን ያዢ፤ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን አትቀላቅዪ።

11. ለግዑዝ ነገር ፆታ አትስጪ። እኛ ፀሐይ ወጣች፣ መኪናዋ ተበላሸች እንላለን፤ ያቆላመጥነውንና ትንሹን አንስታይ እናደርጋለን። በእንግሊዝኛ ሁሉም «ኢት» ነው። ጥንት የእነሱም ስም ፆታ ነበረው፤ ከጊዜ ጋር ጠፋ። መርከብን «ሺ» የማለት ልማድ ግን ለረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1734 ጀምሮ የመርከብ ወሬ ሲያትም የኖረው ሎይድስ ሊስት የተባለው ጋዜጣ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2002 «ኢት» ብሎ ለመጻፍ ወሰነ። በሌላ በኩል «ቲቸር»፣ «ዶክተር»፣ «ከዝን» ወንድ ይሁን ሴት አይለዩም። ስለዚህ ቀጥሎ «ሂ» ወይም «ሺ» ስትዪ ማንን እንደጠራሽ አስታውሺ። ሐኪሟን «ሂ» ብለሽ የጀመርሽው ድርሰት አለሽ፤ አይቼዋለሁ።

12. አፖስትሮፊን ለባለቤትነት አኑሪያት። «የአልማዝ መጽሐፍ» ስንል «የ» ከፊት ትገባለች፤ እነሱ ከአልማዝ ኋላ አፖስትሮፊና ኤስ ያደርጋሉ። የአንዲት ተማሪ ሲሆን አፖስትሮፊዋ ከኤስ በፊት፣ የተማሪዎች ሲሆን ከኤስ በኋላ። «ችልድረን» ብዙ ቢሆንም በኤስ ስለማያልቅ እንደ ነጠላው ከኤስ በፊት ታደርጊያለሽ። ለማብዛት ግን በፍጹም አትጠቀሚባት። ይህን የሚሳሳቱት እኛ ብቻ አይደለንም፤ እንግሊዝ አገር አትክልት ሻጮች ዋጋ በሚጽፉበት ሰሌዳ ላይ ስለምትበዛ ስሕተቱን በእነሱ ስም ነው የሚጠሩት።

13. ሁለት ስም ጎን ለጎን ሲቆም የመጀመሪያውን በነጠላ ተዪው። ጫማ ቤት «ሹ ሾፕ» ነው፤ ሺህ ጫማ ቢደረደርበትም «ሹዝ ሾፕ» አይባልም። «ቡክ ሾፕ»፣ «ቱዝብራሽ»ም እንዲሁ። ቅደም ተከተሉ ከአማርኛው ጋር አንድ ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸገሪም። ቃል በቃል መገልበጥ ግን ያሳስታል፤ ቡና ቤትን «ኮፊ ሃውስ» ብለሽ እንግዳ ብትልኪ ቢራ ይቀርብለታል።

14. ስምን በመልኩ ብቻ ሳይሆን በቦታውም ለዪው። «ዋተር» ውኃ ነው፤ ተክል ስታጠጪ ግን ግስ ይሆናል። «አድቫይስ» ስሙ በሲ፣ ግሱ በኤስ ይጻፋል፤ አነባበቡም ይለያያል። «ሬከርድ» ብለሽ መጀመሪያውን ስትጫኚ ስም፣ «ሪኮርድ» ብለሽ መጨረሻውን ስትጫኚ ግስ ነው። ከፊቱ «ኤ»፣ «ዘ» ወይም «ማይ» ካለ ስም ወደዚያ እየመጣ ነው ማለት ነው። መጨረሻውም ይጠቁምሻል፤ እኛ «ነት» ብለን በአንድ የምናልፈውን እነሱ ለብዙ ይከፍሉታል፦ ደግነት «ካይንድነስ»፣ ወዳጅነት «ፍሬንድሺፕ»፣ ልጅነት «ቻይልድሁድ»።

15. ከግራመር መጽሐፍሽ ውጪም ተለማመጂ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሳይንሱን የማያውቁ የሚመስላቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ያልገባቸው ስሙ ነው። ከላቲንና ከግሪክ የመጡት ቃላት ብዙ ቁጥራቸውንም ይዘው ነው የመጡት። «ባክቴሪያ» ብዙ ነው፤ አንዱ «ባክቴሪየም» ነው፤ እንግዲህ «ባክቴሪያስ» አይባልም። «ኒውክሊየስ» «ኒውክሊያይ» ይሆናል፤ «ሃይፖተሲስ» «ሃይፖተሲዝ»፣ «ፊኖሚነን» «ፊኖሚና»። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ከባዮሎጂ መጽሐፍሽ አንድ አንቀጽ ምረጪና ስሞቹን ብቻ አስምሪባቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ጠይቂው፦ ትቆጠራለህ? ነጠላ ነህ ወይስ ብዙ? ከፊትህ ምን ቆሟል፣ ለምን? መልስ ያጣሽለትን ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጊበትና እሑድ ስትመጪ አሳዪኝ። መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ነውና በእርሳስ አስምሪ፣ በእስክሪብቶ አይደለም።